የሞተር ሳይክል ታርጋን ከፋብሪካው ቦታ ማንሳት፦ ምኑ ይፈቀዳል፣ እንዴትስ ይገጠማል?

አዲስ ሞተር ሳይክል ከኋላው እንደ ጅራት የሚጎትተው ረጅም ጥቁር ፕላስቲክ ለብዙ አሽከርካሪ ዓይን አይገባም። ሞተሩ ገና ሳይቆሽሽ ፕላስቲኩ ይፈታል፤ ታርጋው ከፍሬን መብራቱ ሥር ይለጠፋል ወይም ከጎማው ጎን ይንጠለጠላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ይህ ይፈቀዳል?»

መልሱ መያዣው የተሸጠበት ካርቶን ላይ አይገኝም። «ሕጋዊ» ተብሎ የተጻፈበት ያው መያዣ አንዱ ሞተር ላይ ሲገጠም ደንቡን ያሟላል፣ ሌላው ላይ ሲገጠም ይጥሳል። ሕጉ የሚያየው መያዣውን ሳይሆን ተገጥሞ የቆመውን ታርጋ ነው። ከመሬት ስንት ከፍታ ላይ ነው? ወዴት ዞሯል? ማታ ይበራል? ከኋላ ለሚመጣ ሰው ይነበባል? ጸንቶ ታስሯል? ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሜትር ይዞ ከሞተሩ ኋላ መንበርከክ ይቀድማል።

ያ የማያምር ፕላስቲክ ምን እንደተሸከመ ማየትም እንዲሁ። በብዙ ሞተሮች ላይ ከታርጋው ሌላ የታርጋውን መብራት፣ ቀዩን አንጸባራቂ፣ ሁለቱን የኋላ ፍሬቻዎችና የፓራፋንጎውን የታችኛ ክፍል ይዟል። አንድ ነገር ፈታሁ ያለ ሰው አምስት ነገር ፈትቷል ማለት ነው። ገበያ ላይ ያሉ አጫጭር መያዣዎች ለታርጋና ለፍሬቻ ቦታ ሲያበጁ አንጸባራቂውን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ይህች ቀይ ቁራጭ ግን ሥራ አላት፤ ባትሪው ሞቶ ሞተሩ ጨለማ መንገድ ዳር ቢቆም፣ የመኪና መብራት ሲያርፍባት የምታበራ ብቸኛዋ ነገር እሷ ናት። የሞተር ሳይክል መብራቶችን የሚመለከተው 53ኛው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ የኋላ አንጸባራቂ ከመሬት ከ25 ሳ.ሜ. እስከ 90 ሳ.ሜ. ባለው ከፍታ ላይ እንዲሆን ይጠይቃል። ይኸው ደንብ የሁለቱ የኋላ ፍሬቻዎች ውስጠኛ ጠርዞች ቢያንስ በ18 ሳ.ሜ. እንዲራራቁ ያዛል። አጭር መያዣ ላይ ፍሬቻዎቹን ከታርጋው ጠርዝ ጋር አጣብቆ መግጠም የሚፈትነው ይህን ልክ ነው።

ደንቦቹ በቁጥር

የየአገሩ ሕግ ቃሉ ቢለያይም የሚለካው ነገር ተመሳሳይ ነው። አዲስ ሞተሮች ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የሚፈተኑበት የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የታርጋው የላይኛው ጠርዝ ከ1.5 ሜትር እንዳይበልጥ፣ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከ20 ሳ.ሜ. እንዳያንስ ይላል። የታርጋው ፊት ወደ ሰማይ ካዘነበለ ከቀጥታው መስመር እስከ 30 ዲግሪ፣ ወደ መሬት ካዘነበለ እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ይፈቀዳል። በግራም በቀኝም 30 ዲግሪ ገለል ብሎ ለቆመ ሰው መታየት አለበት።

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ሕግ የኋላው ታርጋ ከመሬት ከ12 እስከ 60 ኢንች፣ ማለትም ከ30 እስከ 152 ሳ.ሜ. ባለው ውስጥ እንዲሆን፣ እንዳይወዛወዝ እንዲታሰርና ፊደላቱ ቀጥ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነበቡ ያዛል። ማታም በነጭ መብራት በ50 ጫማ፣ 15 ሜትር ገደማ ርቀት መነበብ አለበት። ፍሎሪዳ ለየት ትላለች። ታርጋውን ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች እንዲነበብ አዙሮ ማቆም ይቻላል፤ ግን ባለቤቱ የመንገድ ክፍያ በቅድሚያ የሚቆረጥበት ሒሳብና ከሞተሩ ጋር የሚሄድ የክፍያ መሣሪያ ካለው ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የተዘቀዘቀ ቁጥር ለክፍያ ካሜራ አይመችም፣ ስለዚህ ክፍያው በሌላ መንገድ መረጋገጥ አለበት። እዚያው ሕግ ላይ የሚገለበጥ ወይም አቅጣጫው የሚቀየር መያዣ ፈጽሞ ተከልክሏል።

በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ታርጋው ከላይም ከጎንም በ45 ዲግሪ ቅስት ውስጥ በ20 ሜትር ርቀት በግልጽ መታየት አለበት። በብሪታንያ ከመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተመዘገበ ሞተር የፊት ታርጋ አይኖረውም፤ የኋላው በሁለት መስመር ይጻፋል፣ የእያንዳንዱ ፊደል ቁመት 64 ሚ.ሜ.፣ ስፋቱ 44 ሚ.ሜ. ነው፣ ደንቡን የጣሰ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ከሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚገጠመው ታርጋ ተመልሶ በማይፈታ መቆለፊያ ስለሚታሰር፣ ታርጋውን ነቅሎ ወደ ሌላ መያዣ ማዛወር እንዲሁ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ዲግሪው ለምን ያን ያህል አስፈለገ?

ታርጋ ሲያዘነብል ቁጥሩ አይጠፋም፣ ይጨፈለቃል። 64 ሚ.ሜ. ቁመት ያለው ፊደል ታርጋው 45 ዲግሪ ሲተኛ ከኋላ ለሚያይ ሰው 45 ሚ.ሜ. ያህል ብቻ ይታያል። 60 ዲግሪ ሲተኛ 32 ሚ.ሜ. ይቀራል፣ ልክ ግማሹ። ስፋቱ ግን አልተቀነሰም፤ ስለዚህ ፊደላቱ አጭርና ጠፍጣፋ ሆነው 8 እና ቢ፣ 0 እና ዲ መምታታት ይጀምራሉ። የታርጋው ገጽ የመኪና መብራት ተቀብሎ ወደመጣበት የሚመልስ ነው፤ ብርሃኑ በጣም በጎን ሲመታው ይህ ችሎታውም ይደክማል። ቀን የሚነበብ የተኛ ታርጋ ማታ ጥቁር ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ወደ ላይ 30፣ ወደ ታች ግን 15 የሆነበትም ምክንያት ይገመታል። ከኋላ የሚያይ የመኪና ሹፌርም ሆነ ምሰሶ ላይ ያለ ካሜራ ከታርጋው ከፍ ብሎ ነው የሚያየው። ትንሽ ወደ ላይ የቀና ታርጋ ወደ እነሱ ይዞራል፤ ወደ መሬት ያቀረቀረ ግን ይሸሻቸዋል።

ዲግሪውን ለመለካት የስልክ ውሃ ልክ ይበቃል። ስልክ ከሌለ ቀጥ ያለ ዘንግ ይበቃል። ሞተሩን በጎን እግሩ ሳይሆን በሁለት ጎማው ቀጥ አድርጎ ሰው ይያዝልዎ፣ ምንም ጭነት አይኑርበት። ታርጋው ወደ ሰማይ ካዘነበለ ዘንጉን ከታችኛው ጠርዝ አስነክተው ቀጥ አድርገው ያቁሙና ከዘንጉ እስከ ላይኛው ጠርዝ ያለውን አግድም ርቀት ይለኩ። 20 ሳ.ሜ. ቁመት ላለው ታርጋ 10 ሳ.ሜ. ማለት 30 ዲግሪ ነው። ወደ መሬት ካዘነበለ ዘንጉን ከላይኛው ጠርዝ አስነክተው እስከ ታችኛው ይለኩ፤ 5 ሳ.ሜ. ከሆነ 15 ዲግሪ ላይ ደርሷል። ከዚህ ካለፈ መያዣውን መልሰው ማጠፍ ነው።

የጎን ታርጋ

ታርጋን ከመቀመጫው ሥር ማሳጠር በጥንቃቄ ከተሠራ በአብዛኛው ቦታ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። ታርጋን ከጎማው ጎን፣ ከፐርኖው (ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ) ወይም የኋላ ጎማውን ከያዘው ክንድ ላይ ማሰር ግን ሌላ ታሪክ ነው። መልኩ ያምራል፣ የኋላው ጎማ ሙሉ በሙሉ ይገለጣል። ችግሩ ራሱ ጎማው ነው። የኋላ ጎማ ከፐርኖው እስከ ውጭኛው ጠርዝ 30 ሳ.ሜ. ያህል አለው። ታርጋው በፐርኖው አካባቢ በግራ በኩል ቢታሰር፣ በቀኝ በኩል 30 ዲግሪ ገለል ብሎ የቆመ ሰው ዓይን ጎማውን ይመታና ከጎማው ጎን ከ10 ሳ.ሜ. የሚበልጥ ስፋት ያለው ቦታ ይሸፈንበታል። አዙረው ያቆሙት ጠባብ ታርጋ ሙሉ በሙሉ እዚያ ጥላ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ «ከሁለቱም ጎን ይታይ» የሚል ሕግ ባለበት የጎን ታርጋ ለመጽደቅ ወደ ኋላ መሳብ አለበት፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ደግሞ ክንዱ ይረዝማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰበራል። ዞሮ ዞሮ ከፕላስቲኩ ጅራት ብዙም አይሻልም።

አሠራሩም ጠንቅ አለው። ከፐርኖው ዳዶ ሥር የሚገባ መያዣ ጎማውን ከያዘው ቅንብር ውስጥ አንድ አካል ይሆናል። ለስላሳ አሉሚኒየም ከሆነ በኃይል ሲጠብቅ ቀስ እያለ ይጨመቃል፣ ዳዶውም በዚያው ልክ ይላላል። 4 ወይም 5 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ላሜራ ሲጨመር የፐርኖው ጥርስ ስለሚያጥር ዳዶው ሙሉውን አይነክስም፤ መቆለፊያ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳም ከዳዶው ጋር አልገጥም ሊል ይችላል። ጠብቆ ሲያበቃ ከዳዶው ውጭ ቢያንስ ሁለት ጥርስ ካልታየ ያ መያዣ ለዚያ ሞተር አይሆንም። ካቴና በተስተካከለ ቁጥርም መያዣው አብሮ ይፈታል።

ሌላው ነገር ሞላ ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለ ታርጋ ሾኩ ካለሰለሰው በኋላ ነው የመንገዱ ምት የሚደርሰው። ጎማው ክንድ ላይ ያለ ታርጋ ግን እያንዳንዱን ጉድጓድ በቀጥታ ይቀበላል። የማርሚታው ጎን ከሆነ ሙቀቱ ይጨመራል፤ የፕላስቲክ ታርጋ እዚያ አይቆይም።

ከመቀመጫው ሥር ሲገጠም

መጀመሪያ የሚለካው ጎማው እስከ የት እንደሚወጣ ነው፣ ታርጋው ወደ መብራቱ ሲጠጋ ወደ ጎማው መንገድ ሊገባ ስለሚችል። የመንገድ ሞተር ኋላ ጎማ ከ10 እስከ 13 ሳ.ሜ. ይወጣል ይወርዳል፤ የሚወጣውም ቀጥ ብሎ ሳይሆን በቅስት ነው። አስተማማኙ አለካክ ሞተሩን በማንሻ ደግፎ የሾኩን የታችኛ ቡሎን ማውጣትና ጎማውን በእጅ እስከ መጨረሻው ማንሳት ነው። ሾኩ ሙሉ በሙሉ የሚጨመቅበትን ልክ ከሾኩ ዘንግ ርዝመት ማወቅ ይቻላል። ይህ ከከበደ ሁለት ሰው አስቀምጠው፣ ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ እያየ፣ ወደ ታች ገፋ ገፋ ያድርጉ፤ ግን በዚህ መንገድ ሾኩ እስከ መጨረሻው እንደማይወርድ ያስቡበት። በሙሉ ጭምቅታ ከጎማው እስከ ታርጋውና እስከ ቡሎኖቹ ጫፍ ቢያንስ 3 ሳ.ሜ. ይቅር። የመያዣው ቡሎን ሲረዝም ጫፉ ወደ ጎማው እንዳይዞር ራሱን ወደ ጎማው፣ ዳዶውን ወደ ውጭ ያድርጉ። ጎማ የያዘው ታርጋ መጀመሪያ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይቀደዳል፤ ግማሹ መንገድ ላይ ሲቀር ባለቤቱ የሚያውቀው ፖሊስ ሲያስቆመው ነው።

መያዣውን ራሳቸው ለሚያጥፉ፦ 6061 የተባለው ጠንካራ አሉሚኒየም በቀዝቃዛው ጠበብ ተደርጎ ሲታጠፍ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። 5052 አሉሚኒየም ወይም 2 ሚ.ሜ. የብረት ላሜራ ይሻላል። እጥፋቱን ክብ ያድርጉት፣ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በሊማ ያለስልሱ። መንቀጥቀጥ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ጠርዝ ነው።

ታርጋው ራሱ ቀጭን አሉሚኒየም በሚሆንበት ቦታ፣ 1 ሚ.ሜ. ገደማ፣ በሁለት ቡሎን ብቻ አንጠልጥሎ መተው ስህተት ነው። ነፋስና ንዝረት ሲያራግፉት ስንጥቁ ከቡሎኑ ቀዳዳ ይነሳና ወደ ጠርዙ ይሮጣል። መድኃኒቱ ታርጋውን የሚያክል 2 ሚ.ሜ. አሉሚኒየም ከጀርባው መደገፍ ነው። በሁለቱ መካከል ቀጭን የጎማ ወረቀት ወይም በአራቱም ቀዳዳ ላይ የጎማ ሮንዴላ ይግባ። ከፊት ሰፊ ሮንዴላ፣ ከኋላ ናይሎን ያለው ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ። 6 ሚ.ሜ. ቡሎን መያዣውን ከሻሲው ጋር ብረት ለብረት ሲይዝ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል፤ ታርጋውን ግን እንዲህ ማጥበቅ አያስፈልግም፣ የጎማው ሮንዴላ በትንሹ እስኪያብጥ ይበቃል። የቡሎን ጥርስ እንዳይላላ የሚቀባው ማጣበቂያ ፈሳሽ ብረት ላይ ጥሩ ነው፤ ፕላስቲክ ሲነካ ግን ያሰነጥቀዋል፣ ስለዚህ በፍሬቻና በመብራት ቤት አካባቢ አይጠቀሙበት።

ቀዳዳው ካልገጠመ የሚበሳው የጀርባው ድጋፍ ነው እንጂ ታርጋው አይደለም። ታርጋ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት፣ ጠርዙን መቁረጥ ወይም ማጠፍ በብዙ አገር በራሱ ጥፋት ነው። የቡሎን ራስም ፊደል ላይ አይረፍ፤ ጥቁር ራስ በነጭ ታርጋ ላይ አንዱን ቁጥር ሌላ ሊያስመስለው ይችላል፣ ያ ደግሞ ሳይታሰብ ቢደረግም እንደ ማጭበርበር ይታያል።

መብራቱ

የታርጋ መብራት ነጭ መሆን አለበት፣ ከኋላ መብራቱ ጋር አብሮ መብራትና መጥፋት አለበት፣ የሚያበራውም ታርጋውን ብቻ ነው፤ ነጭ ብርሃን ቀጥታ ወደ ኋላ ከወጣ ሞተሩ ወደ ፊት እየመጣ ይመስላል። በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ መስጠት ጥርጣሬ መጋበዝ ነው። ሰማያዊና ቀይ ጌጥ መብራትም እንዲሁ።

ታርጋው ላይ የሚጠብቁ ሁለት የመብራት ቡሎኖች ይሸጣሉ፣ ራሳቸው ውስጥ ኤልኢዲ ያለባቸው። ለመግጠም ይቀላሉ፤ ግን ወደ ገጹ በጣም ስለሚቀርቡ በዙሪያቸው ነጭ እሳት የመሰለ ክብ ይሠራሉ፣ የታርጋው ታችኛ ግማሽ ጨለማ ይሆናል። ከላይ በ4 ወይም 5 ሳ.ሜ. ወጣ ብሎ ወደ ታች የሚያበራ ሰፊ መብራት የተሻለ እኩል ያዳርሳል። አውሮፓ ውስጥ መብራቱም አንጸባራቂውም በክብ ውስጥ የኢ ፊደልና የአገር ቁጥር የታተመባቸው መሆናቸውን ይመልከቱ።

የፋብሪካው የታርጋ አምፖል ብዙ ጊዜ 5 ዋት ነው፣ 0.4 አምፔር ያህል ይወስዳል። ኤልኢዲ የሚወስደው የዚህን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። አንዳንድ ዘመናዊ ሞተር ይህን ሲያይ «አምፖል ተቃጥሏል» ብሎ ዳሽቦርድ ላይ ያስጠነቅቃል። ፍሬቻው ላይ ችግሩ ይብሳል፦ 21 ዋት አምፖል በ2 ዋት ኤልኢዲ ሲቀየር ፍሬቻው በጣም ይፈጥናል። ለኤልኢዲ የተሠራ ሪሌ መቀየር ንጹሁ መፍትሔ ነው። ሪሌው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከሆነና መቀየር ካልተቻለ፣ በእያንዳንዱ ጎን 8 ኦም አካባቢ የሆነ፣ 25 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል ሬዚስተር ከፍሬቻው ጋር በትይዩ ይገናኛል። ሬዚስተሩ ይግላል፤ ፕላስቲክ ላይ ሳይሆን ብረት ላይ ይታሰር።

ሽቦው 0.5 ካሬ ሚ.ሜ. ይበቃዋል። በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው አይሆንም፣ ከጎማው የሚረጨው ውሃ ይገባበታል። በስታኞ ያያይዙና በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ያልብሱት። ላሜራ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ካልገባ ንዝረቱ ሽፋኑን እንደ መጋዝ ይበላዋል፤ ከዚያ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ፊውዙ የጋራ ከሆነ የኋላ መብራቱም አብሮ ይጠፋል።

የማያወላዳው ክልከላ

እስካሁን የተነገረው በሳንቲ ሜትርና በዲግሪ የሚስተካከል ነው። የሚገለበጥ መያዣ፣ በማብሪያ የሚወርድ መጋረጃ፣ የጠቆረ ፕላስቲክ ሽፋን፣ በማግኔት የሚነሳ ታርጋ ግን ሌላ መደብ ናቸው። እነዚህ ላይ የሚጠየቀው «በትክክል ተገጥሟል?» ሳይሆን «ለምን ተገጠመ?» ነው፤ ቅጣቱም የመገጣጠም ስህተት ቅጣት ሆኖ አይቀርም። መቆሚያው ስለላላ በራሱ የሚገለበጥ ታርጋም ከእነዚህ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ አቅጣጫው የሚስተካከል መያዣ ከገዙ፣ ልኩን ካገኙ በኋላ በአንድ ተጨማሪ ቡሎን ወይም ሪቬት ይቆልፉት።

ሲያልቅ ማታ ሞተሩን አስነስተው 20 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይራቁ፤ ቀጥታ፣ ከዚያም በግራና በቀኝ 30 ዲግሪ ገለል ብለው ያንብቡት። በእያንዳንዱ ቦታ ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሱ፤ ፎቶው ላይ የፈዘዘ ቁጥር ለካሜራም ይፈዛል። ከ50 ኪ.ሜ. ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹን ደግመው ያጥብቁ፣ የተፈታውን ፕላስቲክ ከነቡሎኑ በከረጢት ያስቀምጡ። ሞተሩን ባጠቡ ቁጥር በታርጋው ቀዳዳዎች ዙሪያ ጣት ያሳልፉ፤ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ከተሰማዎ ታርጋው ራሱ ከመቀደዱ በፊት ምትክ የሚጠየቅበት ጊዜ ደርሷል።